የተራራ ማሳ ለመለካት፦ ሳተላይት ወይስ ጂፒኤስ ይዞ መዞር?

ጮቄ ተራራ ስር ማሳ ያላችሁ ልጆች ደጋግማችሁ ስለምትጠይቁኝ ነው፣ ሁለቱንም ሞክሬያለሁ።

ወጪ፦ ሳተላይቱ ይረክሳል። ሴንቲኔል 2 የሚባለው ሳተላይት ምስል በነፃ ነው የሚወርደው፣ ምስሉ ላይ ስፋት የምትለኩበት ኪውጂአይኤስ የሚባለው የኮምፒውተር ፕሮግራምም ነፃ ነው፣ የሚያስወጣችሁ ኢንተርኔት ብቻ ነው። ጂፒኤሱ ግን መሣሪያ አለ ጉልበት አለ፣ የአባቴን የገብስ ማሳ ስዞር ግማሽ ቀን ፈጀብኝ፣ ገደሉ አያስኬድማ።

ትክክለኛነት፦ ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው። ሴንቲኔል ላይ አንዷ የምስል ነጥብ (ፒክስል) መሬት ላይ 10 በ10 ሜትር ናት፣ ስለዚህ ሩብ ሄክታር ማለት 25 ነጥብ ብቻ ነው፣ እርከኑም ድንበሩም ውስጧ ይዋጣል። ጎግል ኧርዝ ላይ ያለው የሳተላይት ምስል ግን ጥርት ያለ ስለሆነ ባሕር ዛፉ አንድ በአንድ ይቆጠራል። የእጅ ጂፒኤስም ቢሆን ከ3 እስከ 5 ሜትር ሊስት ይችላል፣ ለጠባብ ማሳ ይሄ ቀላል አይደለም።

ተዳፋቱን ደግሞ አትርሱ። ሁለቱም የሚሰጧችሁ ከላይ ሲታይ ያለውን ጠፍጣፋ ስፋት ነው። 30 ዲግሪ ያዘነበለ መሬት ላይ አፈሩን ተከትላችሁ በገመድ ብትለኩ ስፋቱ 15 በመቶ ያህል ይበልጣል፣ አባቴ "መሬቴን ቀነሱብኝ" ብለው ያዘኑት ለዚህ ነበር እንጂ ማንም አልወሰደባቸውም።

ክረምት ላይ ሳተላይቱ ከደመና በቀር ምንም አያሳይም፣ ከጥቅምት እስከ ጥር ያለውን አውርዱ።

የቀበሌውን ሰብል ባጠቃላይ ለማየት ሳተላይት ይበቃል። የድንበር ክርክር ካለ ግን ጂፒኤሱን ይዛችሁ በእግር ዙሩ፣ ጎረቤትየውም አብሮ ይዙር።