ብሬከር፣ አርሲዲ ወይስ ስታቢላይዘር? ለቤታችሁ የቱን ታስቀድማላችሁ?

እናቴ ቤት ያለው የኤሌክትሪክ ምጣድ ይነዝር ነበር። እሷ ግን ለዓመታት እንደ ችግር አልቆጠረችውም። እንጀራ ልታወጣ ስትል ከነዘራት እጇን ታራግፋለች፣ ነጠላ ጫማዋን ፈልጋ ታደርጋለች፣ ከዚያ ትቀጥላለች። "ትንሽ ቆንጠጥ ነው የምታደርገኝ እንጂ ምንም አትልም" ትለኝ ነበር። በዚያው ወጥ ቤት ጥግ ላይ ፍሪጁ በስታቢላይዘር ተሰክቶ በሰላም ይሠራል።

ይሄ ነገር እስካሁን ያንገበግበኛል። ለፍሪጁ መጠበቂያ ገዝተናል፣ ለእናታችን ግን አልገዛንም። ብዙ ቤት እንደዚሁ ነው።

ሦስቱም ዕቃዎች እዚያው አንድ ሱቅ ውስጥ ስለሚሸጡ አንዱ የሌላውን ሥራ የሚሠራ ይመስላል። አይሠራም። ብሬከር የሚጠብቀው ሽቦውን ነው። ስታቢላይዘር የሚጠብቀው የቤት ዕቃውን ነው። ሰውን የሚጠብቀው አርሲዲ (RCD) ነው። አንዳንድ ሱቅ "ኧርዝ ሊኬጅ" ካላላችሁ ላይገባቸው ይችላል።

ብሬከር

ብሬከር ከልክ ያለፈ ከረንት ሲሄድበት ወይም ሾርት ሲፈጠር ያቋርጣል። ፊቱ ላይ ሲ16፣ ሲ20፣ ሲ32 የሚል ጽሑፍ ታያላችሁ። ቁጥሩ አምፔሩ ነው። የሚመረጠውም በሽቦው ውፍረት ልክ ነው። ለአምፖል መስመር ባለ 1.5 (ካሬ ሚሊ ሜትር) ሽቦና 10 አምፔር፣ ለሶኬት ባለ 2.5 ሽቦና 16 አምፔር የተለመደ ነው። ምጣድ ግን የራሱ መስመር ይፈልጋል። በ220 ቮልት 3,500 ዋት የሆነ ምጣድ 16 አምፔር ገደማ ይስባል፣ 4,000 ዋት ከሆነ ከ18 ያልፋል። ስለዚህ ባለ 4 ሽቦና ባለ 20 ወይም 25 ብሬከር ይሁንለት። በዲቫይደር ላይ ምጣድ መሰካትማ ጨርሶ አይታሰብ።

እዚህ ላይ አንድ የማየው ስህተት አለ። ብሬከሩ እየወረደ ሲያስቸግር ሰው 16ቱን አውጥቶ 32 ያስገባል። መብራቱ አይጠፋም፣ እፎይ ይባላል። ከዚያ በኋላ የሚግለው ግን ግድግዳ ውስጥ ያለው ሽቦ ነው። ላስቲኩ ቀስ እያለ ይቀልጣል፣ ማንም አያየውም። የሚወርድ ብሬከር ካለ መስመሩ ይታይ፣ ጭነቱ ይከፋፈል። ሽቦው ሳይቀየር ብሬከሩን ማሳደግ ቤት ላይ እሳት መጥራት ነው።

ብሬከር የማይሠራው ሥራም ይታወቅ። በሰው ገላ ውስጥ ከ0.03 አምፔር በላይ ካለፈ የልብ ምትን አዛብቶ ሊገድል ይችላል። ባለ 16 ብሬከር የሚጠብቀው ከዚያ ከ500 ጊዜ በላይ የሚበልጥ ከረንት ነው። ሰው ተይዞ ሲንዘፈዘፍ ብሬከሩ ከነመፈጠሩም አያውቅም።

አርሲዲ

የአርሲዲ አሠራር ቀላል ነው። በፌዙ (በአምጪው ሽቦ) የሄደውንና በኒውትራሉ (በመላሹ ሽቦ) የተመለሰውን ከረንት ያነጻጽራል። እኩል ካልሆኑ የጎደለው አንድ ቦታ እየፈሰሰ ነው፤ በሰው ገላ፣ በእርጥብ ግድግዳ ወይም በምጣዱ ብረት። የሚፈሰው 30 ሚሊ አምፔር ሲደርስ በሰከንድ ሦስት አሥረኛ ውስጥ ያቋርጣል። ከዚያ ከበለጠ ደግሞ ይፈጥናል።

ስትገዙ ቁጥሩን አንብቡ። "30 ሚሊ አምፔር" ወይም "0.03" የሚል መሆን አለበት። 100 እና 300 የሚሉት ለእሳት መከላከያ የሚሆኑ ናቸው፣ ሰውን አያድኑም። ሻጩ "ያው ነው" ቢላችሁ ያው አይደለም። ምልክቱንም እዩ። አንድ የሞገድ መስመር ብቻ ያለበት ኤሲ የሚባለው ዓይነት ነው። ከሞገዱ ሥር የተቆራረጡ ጉብታዎች ካሉበት ኤ ነው። ልብስ ማጠቢያ ማሽን ወይም ኢንቨርተር ፍሪጅ ላለው ቤት ኤውን ውሰዱ።

ድክመትም አለው። ጭነት ሲበዛ አያቋርጥም፣ ስለዚህ ብሬከር አብሮት መኖር አለበት። ሰው ፌዝና ኒውትራልን በሁለት እጁ ይዞ ወደ መሬት የሚፈስ ነገር ከሌለ ደግሞ አርሲዲው ሊለየው አይችልም። የኧርዝ ጉዳይም አለ፤ ኧርዝ ከዕቃው ያፈሰሰውን ከረንት ወደ መሬት የሚወስደው ሽቦ ነው። ኧርዝ በሌለበት ቤት አርሲዲ ይሠራል፣ ግን ሰው ከነካና ከነዘረው በኋላ ነው። ኧርዝ ካለ ዕቃው ገና ማፍሰስ ሲጀምር ያቋርጣል። ብዙ ቤት ሶኬቱ የኧርዝ ቦታ ይኖረዋል፣ ከኋላው ግን የመጣ ሽቦ የለም። ኤሌክትሪሺያኑ ሲመጣ አንዱን ሶኬት አስከፍታችሁ በዓይናችሁ እዩት።

አርሲዲና ብሬከርን አንድ ላይ የያዘ አርሲቢኦ የሚባልም አለ። ከአርሲዲ በምን ይለያል ካላችሁ፣ ልዩነቱ ችግር ሲመጣ ነው የሚታየው። ለመላው ቤት አንድ አርሲዲ ብቻ ካላችሁ ምጣዱ ባፈሰሰ ቁጥር ቤቱ በሙሉ ይጨልማል፣ ፍሪጁም ይጠፋል። አርሲቢኦ ምጣዱ መስመር ላይ ከተገጠመ የሚጠፋው ምጣዱ ብቻ ነው። ግን ለእያንዳንዱ መስመር መግዛት ኪስ ይጎዳል። እኔ የምመርጠው እንዲህ ነው። አቅም ላለው ለምጣድ፣ ለሻወር ማሞቂያና ለግቢ ሶኬት አርሲቢኦ፣ ለቀሪው ቤት አንድ አርሲዲ። ለአንድ ዕቃ ብቻ የሚሆን ገንዘብ ላለው ደግሞ ከዋናው ብሬከር ቀጥሎ የሚገባ አንድ አርሲዲ፣ አምፔሩ ከዋናው ብሬከር ያላነሰ።

ስታቢላይዘር

ስታቢላይዘርን አልጠላም። ቮልቴጁ ማታ ማታ በሚወርድበት ሰፈር ለፍሪጅ ያስፈልጋል። ግን ችግራችሁ መብራት ሄዶ ሲመጣ የሚፈጠረው ግፊት ብቻ ከሆነ፣ ቮልቴጁ እስኪረጋጋ ለጥቂት ደቂቃ የሚያቆየው ፕሮቴክተር ይበቃል። ዋጋውም ይቀላል። ስታቢላይዘር የምትገዙ ከሆነ የፍሪጁ ኮምፕሬሰር ሲነሳ የሚስበው ከወትሮው ብዙ እጥፍ መሆኑን አስቡና አቅሙን ሰፋ አድርጉት።

ለምጣድ አያስፈልግም። ቮልቴጅ ቢወርድ ምጣድ አይቃጠልም፣ ሙቀቱ ነው የሚቀንሰው። 220 የነበረው 180 ሲሆን ምጣዱ የሚሰጠው ሙቀት ወደ ሁለት ሦስተኛ ይወርዳል። እንጀራው ዓይን አላወጣ ሲል ሁሌ ሊጡን አትውቀሱ።

ከሁሉ በላይ ግን ስታቢላይዘር መንዘርን አያስቆምም። እናቴ ቤት ለዓመታት የነበረው ይኸው ነው።

በመጨረሻ አርሲዲ አስገጠምንላት። ኤሌክትሪሺያኑ ጨርሶ ምጣዱን ሲያበራው ቤቱ ድርግም አለ። መልሶ አበራው፣ መልሶ ጠፋ።

"ልጄ፣ ደህና የነበረውን አበላሸኸው እኮ!" አለችው።

"እማማ፣ አልተበላሸም። ምጣዱ ነው የሚያፈሰው" አላት።

ምጣዱን ገልብጦ ሥሩን ፈታው። ከማብሪያው ወደ ማሞቂያ ጥቅልሉ የሚሄደው ሽቦ ላስቲኩ ከስሎ ረግፏል፣ መዳቡ ከቆርቆሮው ጋር ተጣብቋል። የኧርዙ ሽቦ ደግሞ ላልቶ እንደ ነገሩ ብቻ ነው የሚነካካው። ሽቦውን ሙቀት በሚችል ቀየረው፣ ኧርዙን አጥብቆ አሰረ። ከዚያ ወዲህ አልነዘራትም። አንዳንድ ባለሙያ ግን እንዲህ ሲገጥመው አርሲዲውን ዘሎ "ዳይሬክት ላድርገው" ይላል። እሺ እንዳትሉት። የአዲስ ምጣድ ወይም የታጠበ ምጣድ እርጥበትም ሊያጠፋው ይችላል። በደንብ ደርቆ እንደገና ይሞከር፣ አሁንም ከጠፋ ይፈታ።

አርሲዲው ላይ የመሞከሪያ ቁልፍ አለ። መብራት እያለ ስትጫኑት ማቋረጥ አለበት፣ ካላቋረጠ ሞቷል ማለት ነው፣ ይቀየር። እናቴ በየወሩ ከመድኃኔዓለም ስትመለስ ትጫነዋለች።

"ጠፋ" ትለኛለች ደውላ።

"በይ መልሺው" እላታለሁ።