ለጎንደር መንገድ የትኛው ጎማ? ባለ አንድ ጎማ ብስክሌት በ20፣ በ24 እና በ29 ኢንች
ይህ ብስክሌት ካቴናም ማርሽም የለውም፤ ፔዳሉ አንዴ ሲዞር ጎማውም አንዴ ነው የሚዞረው። ባለ 20 ኢንቹ በአንድ ዙር 1.6 ሜትር ገደማ ይሄዳል፣ ባለ 29ኙ 2.3። ለመልመጃ 20 ይበቃል፤ ከፒያሳ አዘዞ ለመመላለስ ግን እግር ይጨርሳል፣ እዚያ 29 ይሻላል። መመለሻው ዳገት ነውና የፔዳሉ ክንድ 125 ሳይሆን 150 ሚሊ ሜትር ይሁን። ቁልቁለቱንም ያለ ፍሬን አትሞክሩት።

ለኮብልስቶንና ለኮረኮንች ምርጫችን 24 ነው፣ ያውም ወፍራም ጎማ። ንፋሱን አታብዙበት፤ ድንጋይ ላይ ያነጥራል።

ስትገጥሙ የግራውን ክንድ በግራ እሰሩ። የግራ ፔዳል ጥርስ ወደ ግራ ነው የሚጠብቀው፤ ክንዶቹ ከተቀያየሩ ፔዳሉ በጉዞ ላይ እየላላ የክንዱን ጥርስ ይበላዋል።