ኮሜትን ቀርቦ ማየት ለሚፈልግ፦ የዲ ሃቪላንድ የአውሮፕላን ሙዚየም

የአውሮፕላን አካል ጥገና ቴክኒሽያን ነኝ። እንጀራዬ ሪቬት (ቆርቆሮን ከቆርቆሮ የሚያያይዝ ምስማር) መምታትና ስንጥቅ መፈለግ ነው። ለንደን ያላችሁ ወይም ለእረፍት የምትመጡ፣ ከከተማዋ በስተሰሜን ለንደን ኮልኒ አጠገብ ያለውን የዲ ሃቪላንድ የአውሮፕላን ሙዚየም ሳታዩ አትቅሩ። በተለይ ለኮሜት ስትሉ።

ኮሜት ዲ ሃቪላንድ የተባለው የእንግሊዝ ፋብሪካ የሠራት፣ በዓለም የመጀመሪያዋ የመንገደኞች ጄት ናት። የመጀመሪያ በረራዋን ያደረገችው በ1949 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች ናቸው)። ሜይ 2 ቀን 1952 መንገደኛ ይዛ ከለንደን ተነሣች። በሮም፣ በቤይሩት፣ በካርቱም፣ በኢንቴቤና በሊቪንግስተን አድርጋ ጆሃንስበርግ ገባች። ጎረቤታችን ካርቱም ጄት ሲያርፍባት እኛ ገና በፕሮፔለር ነበርን። የኛ አየር መንገድ የመጀመሪያዎቹን ጄቶች፣ ቦይንግ 720ቢዎቹን፣ የተረከበው በ1962 ነው።

ሙዚየሙ ያለችው የኤር ፍራንስ የነበረች ኮሜት 1ኤ ናት። ክንፍ የላትም፣ የተረፈው አካሏ ነው። ግን የጥንቶቹ አራት ማዕዘን መስኮቶች ያሉት የኮሜት አካል ዓለም ላይ የቀረው ይሄ ብቻ ነው።

የእህቴ ልጅ አብሮኝ ነበር። «ጋሼ፣ ኮሜት የወደቀችው የመስኮቷ ማዕዘን ሹል ስለሆነ ነው አይደል?» አለኝ። ሰው ሁሉ እንደዛ ነው የሚያወራው። እስቲ ጠጋ ብለህ እየው አልኩት። ማዕዘኑ ሹል አይደለም፣ ክብ ተደርጓል። ችግሩ እዚያ ጋ የሚከማቸው ጫና ከገመቱት በላይ መሆኑ ነው። ቆርቆሮው ስስ ነው። የሪቬቱ ቀዳዳም በመሰርሰሪያ ሳይሆን ተመትቶ የተበሳ ነው፤ እንዲህ ያለ ቀዳዳ ዙሪያውን ጥቃቅን ስንጥቅ ይተዋል። አውሮፕላን ከፍ ሲል ውስጡ በአየር ይወጠራል፣ ሲወርድ ይረግባል። ሽቦ ወዲያ ወዲህ ሲያጥፉት እንደሚበጠሰው፣ ብረቱም ቀስ በቀስ ይደክማል።

በ1953 አንዷ ኮሜት ካራቺ ላይ ስትነሣ 11 ሰው፣ በሌላዋ ካልካታ አጠገብ ደግሞ በወጀብ 43 ሰው አልቆ ነበር። ከዚያ ጃንዋሪ 10 ቀን 1954 ከሮም የተነሣች ኮሜት ኤልባ ደሴት አጠገብ ሰማይ ላይ ተበተነች። 35 ሰው ሞተ። በረራ ቆመ፤ ወደ 60 የሚጠጋ ማሻሻያ ተደረገ። ምክንያቱ ግን አልታወቀም። በማርች ኮሜቶቹ እንደገና መብረር ጀመሩ። ኤፕሪል 8 ሌላዋ ከሮም ወደ ካይሮ ስትሄድ ኔፕልስ አካባቢ ባሕር ገባች። 21 ሰው። እነዚህ 21 ሰዎች እስከ ዛሬ ያንገበግቡኛል። መንስኤው ሳይገኝ አውሮፕላን ወደ ሥራ መመለስ አልነበረበትም።

መልሱ የተገኘው ፋርንቦሮ፣ የእንግሊዝ መንግሥት የአውሮፕላን ምርምር ተቋም ውስጥ ነው። አንዲት ኮሜት ገንዳ ውስጥ ከተው በውሃ ሞሏትና ግፊቱን ከፍ ዝቅ አደረጉት። አንዱ ከፍ ዝቅ እንደ አንድ በረራ ተቆጥሮ፣ ቀድሞ የበረረችውም ተደምሮ፣ 3,057ኛው በረራ ላይ ከመስኮት ማዕዘን ተቀደደች። የኤልባዋ 1,290 ጊዜ ብቻ ነበር የበረረችው። እሷ መሰንጠቅ የጀመረችው ጣሪያዋ ላይ ካለው የአንቴና መስኮት ነው፤ ያ ቁራጭ የለንደኑ ሳይንስ ሙዚየም ንብረት ነው።

ፋብሪካውስ አልፈተነም? ፈትኗል። የሞከረው የአካል ክፍል ከ16 ሺህ ጊዜ በላይ ችሏል። ግን ያንኑ ክፍል ቀደም ብለው ከልክ በላይ ወጥረው ለጥንካሬ ፈትነውት ነበር። በዚያ ውጥረት ማዕዘኖቹ ትንሽ ተለጥጠው ድካምን ይበልጥ የሚችሉ ሆኑ። መንገደኛ የሚጭኑት አውሮፕላኖች ግን እንደዚያ አልነበሩም። በሙያው ያላችሁ ልጆች ይህችን ያዙልኝ።

ሙዚየሙን በአብዛኛው የሚያንቀሳቅሱት በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ ጠይቋቸው። ሞስኪቶ የሚባለው የእንጨት የጦር አውሮፕላን የመጀመሪያ ናሙናም እዚያው ነው። ኤም 25 መንገድ አጠገብ ስለሆነ በመኪና ይቀላል። የሚከፈትበትን ቀን ግን አስቀድማችሁ እዩ። የኮሜት ሞተሮች ክንፏ ውስጥ የተቀበሩ ስለነበሩ እዚህችኛዋ ላይ አታገኟቸውም። ክንፍ ያላትን ኮሜት 1 ለማየት ኮስፎርድ ወዳለው የአየር ኃይል ሙዚየም መሄድ አለባችሁ፤ የዚያችኛዋ መስኮቶች ግን ተቀይረዋል። ጊዜያችሁ ለአንዱ ብቻ ከበቃ፣ መስኮቶቹን ምረጡ።