ለባንኮኳ አስጎብኛችን ምስጋና፣ አረጋዊና ልጆች ይዞ ለሚሄድም ጥቆማ

በጥር 2017 ዓ.ም. እናታችንን ለጉልበት ሕክምና ይዘን ባንኮክ ከርመን ነበር። በቀጠሮ መካከል የተረፈንን ጊዜ ከተማዋን በማየት ያሳለፍነው በአንዲት የአገሬው አስጎብኚ ምክንያት ነው። ስሟ በአደባባይ እንዲጻፍ ስላልፈለገች አልጽፈውም፤ ምስጋናዬ ግን በአደባባይ ይሁንልኝ።

ከመገናኘታችን በፊት ጽፋ የጠየቀችን ስለ ገንዘብ አልነበረም። እማማ ስንት ደረጃ መውጣት ይችላሉ? ልጆቹ ከሰዓት በኋላ ይተኛሉ? የማትበሉት ነገር አለ? ረቡዕና ዓርብ እናታችን እንደምትጾም ስንነግራት «ጄ» የሚባለውን ምግብ አሳየችን። ከቻይና ቡድሂስቶች የመጣ ሥርዓት ሲሆን ሥጋ፣ ዓሣ፣ ወተትና እንቁላል ቀርቶ ነጭ ሽንኩርት እንኳ አይገባበትም። የሚሸጥበትን ቤት በቢጫ ባንዲራ ላይ በቀይ ከተጻፈው ምልክት ትለዩታላችሁ። ይህን ያዙልኝ፤ ምክንያቱም በባንኮክ «ሥጋ የለውም» የተባለ ወጥ ብዙውን ጊዜ የዓሣ መረቅ አለበት። በጾም ዓሣ ይበላል ወይስ አይበላም የሚለው ክርክር በእኛ ቤት ገና ስላላለቀ ጄ ሁላችንንም ገላገለን። እናታችን ከአኩሪ አተር የሚሠራውን ቶፉና እንጉዳዩን ወደደችው፤ ቃሪያቸው ከሚጥሚጣ እንደማያንስም መሰከረች።

ታዋቂዎቹን ቦታዎች ሁሉ አይተናል። ዋት ፖ በሚባለው ቤተ መቅደስ 46 ሜትር ርዝመት ያለው የተጋደመ የቡድሃ ሐውልት አለ፤ ልጆቹ ግን ከእርሱ ይልቅ በግድግዳው ሥር በተደረደሩት 108 የነሐስ ሳህኖች ሳንቲም እየጣሉ ድምፁን መስማት ወደዱ። በታላቁ ቤተ መንግሥት ትከሻና ጉልበት መሸፈን ግዴታ ነው፤ በነጠላዋ የመጣችው እናታችን ከሁላችንም ቀድማ ገባች። እዚያ ያለው የመረግድ ቡድሃ የሚባል ሐውልት 66 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ልብሱን በዓመት 3 ጊዜ፣ ወቅት በተቀየረ ቁጥር፣ ንጉሡ ራሳቸው ይቀይሩለታል። ወንዙን ተሻግረን ዋት አሩን ከሚባለው ቤተ መቅደስ ስንደርስ እኛ ቀጥ ያለውን ደረጃ ስንወጣ አስጎብኛችን እታች ከእናታችን ጋር ጥላ ሥር ተቀመጠች። የጋራ ቋንቋ የላቸውም፤ ስንወርድ ግን የልጅ ልጆች ፎቶ እየተያዩ ነበር።

እኔ የማልረሳው ባን ባትን ነው። የመነኮሳት የምጽዋት ሳህን በእጅ የሚሠራበት የድሮ ሰፈር ነው፤ ዛሬ ሙያውን የያዙት ጥቂት ቤተሰቦች ብቻ ናቸው። ሳህኑ ከስምንት የብረት ቁራጮች ይገጣጠማል፤ ስምንቱ ቡድሃ ያስተማረውን ባለ ስምንት መንገድ ያመለክታሉ ይላሉ። ከዚያ በእሳት ይበየድና በመዶሻ እየተቀጠቀጠ ይለሰልሳል። አስጎብኛችን አስቀድማ ስላስፈቀደች ሽማግሌው ሠሪ መዶሻውን ለልጄ ሰጠው። ግዙ ያለን ግን አልነበረም። በማግሥቱ ገና ሳይነጋ ሳህኑ የሚውልበትን ሥራ ልታሳየን ወሰደችን፤ መነኮሳቱ በባዶ እግራቸው ተሰልፈው ያልፋሉ፣ ሰዉ ጫማውን አውልቆ ምግብ ያስቀምጥላቸዋል። እናታችን «የቆሎ ተማሪ ማለት ናቸው» አለች። እንደ እኛዎቹ «በእንተ ስማ ለማርያም» አይሉም፣ ዝም ብለው ነው የሚቀበሉት፤ እርሷ ግን ወዲያው ሩዝ ገዝታ ሰጠች። ሴት ልጅ መነኩሴን መንካት እንደሌለባት ቀድሞ የተነገራት በመሆኑ ማንም አልተሸማቀቀም።

በቤተ መንግሥቱ አካባቢ «ዛሬ ዝግ ነው፣ ሌላ ቦታ ላሳያችሁ» የሚል ሰው ከገጠማችሁ አልፋችሁ ሂዱ፤ በቱክ ቱክ (በእነርሱ ባጃጅ) ወደ ጌጣጌጥ ሱቅ የሚወስድ የታወቀ ማታለያ ነው። የእኛዋ ከሱቅ ኮሚሽን ስለማትቀበል ምንም ሱቅ አላስገባችንም።

በነገራችን ላይ ደረሰኝ ላይ እንደ 2568 ያለ ዓመት (እኛ ስንሄድ የነበረው ነው) ብታዩ አትደንግጡ። እነርሱ በቡድሃ ዘመን ይቆጥራሉ፤ ልጄ ከአዲስ አበባ ስንነሳ 2017 እንደነበረ አስታውሶ 551 ዓመት በአንድ ሌሊት ኖርን እያለ ሲያስቀን ከረመ።

እንከን የላትም ወይ ካላችሁ፣ ዋጋዋ ርካሽ አይደለም፤ ማለዳም ትወዳለች፣ እንቅልፍ ለሚወድ ሰው አትሆንም። የመንግሥት ፈቃድ ያላት አስጎብኚ ናት፤ ማንንም ብትቀጥሩ የፈቃድ ካርዱን ጠይቁ። ስልኳን የሚፈልግ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፣ ፈቅዳልኛለች። ስትጽፉላት የጾም ቀናችሁንና የታማሚውን ሁኔታ አስቀድማችሁ ንገሯት፤ የቀኑን ጉዞ የምታሰናዳው በዚያ ነው።