ኤስኤም 57፣ ኤቲ 2020 ወይስ ቢኤም 800? ለቤት ቀረጻ ማይክ ከመግዛታችሁ በፊት

በዚህ ወር ብቻ አራት ሰው አንድ ዓይነት ጥያቄ ጠይቆኛል። «ጊታር እጫወታለሁ፣ እዘፍናለሁ፤ ቤት ውስጥ መቅረጽ ፈልጌ ነበር። ብዙ ብር የለኝም። የትኛው ማይክ ይሻለኛል?» በቴሌግራም ረጃጅም ድምፅ እየላክሁ ለእያንዳንዱ ስመልስ ቆየሁ። አሁን አንዴ ልጻፈው። መልሴን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ፦ ሹር የሚባለው ኩባንያ የሚሠራውን ኤስኤም 57 ግዙ። ያገለገለ ቢሆንም ግድ የለም፣ ኦርጅናል ይሁን እንጂ።

እዚህ መልስ ላይ የደረስኩት ሁለት ጊዜ ተሸውጄ ነው።

የመጀመሪያው ቢኤም 800 ነው። ታውቁታላችሁ። በአንድ ካርቶን ውስጥ ማይኩ፣ ጠረጴዛ ላይ የሚታሰረው ክንድ፣ በላስቲክ የተወጠረው መያዣ፣ ስፖንጁ፣ ገመዱ ሁሉ አብሮ ይመጣል። ሲያዩት ስቱዲዮ ይመስላል። እኔ የዛሬ አራት ዓመት በ3,200 ብር ገዛሁት። ቤት ገብቼ ስልኬ ላይ ሰካሁት፤ ስልኩ አላወቀውም። የገመዱ ጃክ ባለ ሁለት ጥቁር ቀለበት ነው፤ ስልኬ ደግሞ ባለ ሦስት ይፈልጋል። ማቀያየሪያ፣ 250 ብር። ከዚያ ኮምፒውተር ላይ ሞከርኩት። ድምፁ ከሩቅ የሚመጣ ይመስላል። ከፍ ሳደርገው ሽሽሽ የሚለው አብሮ ከፍ ይላል። ምክንያቱን ያወቅሁት ቆይቼ ነው። ቢኤም 800 ኮንደንሰር የሚባለው ዓይነት ማይክ ነው፤ ይህ ዓይነት ኤሌክትሪክ ይፈልጋል። የውስጥ ሰርኪዩቱ የተሠራው ለ48 ቮልት ሆኖ ሳለ፣ የኮምፒውተር የማይክ ቀዳዳ የሚሰጠው ጥቂት ቮልት ብቻ ነው። ይህን 48 ቮልት «ፋንተም» ይሉታል። ፋንተም የሚሰጠው ትንሽ ሳጥን 1,900 ብር። ለሳጥኑ የሚሆን ገመድ 450 ብር። ደምሩት፦ 5,800 ብር።

ሳጥኑ ደግሞ ግድግዳ ላይ ነው የሚሰካው። መብራት ሲጠፋ ቀረጻው አበቃ ማለት ነው። መብራት ሲኖርም፣ የቤታችን ሶኬት የመሬት ሽቦ ስለሌለው እዝዝዝ የሚል ድምፅ ከሥር ይሰማል።

ከሁሉም በላይ ያስመረረኝ ግን ሌላ ነው። ሐምሌ ላይ፣ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት አካባቢ፣ ሁሉም ተኝቷል ብዬ አንድ ዘፈን ቀረጽኩ። ድምፄ እንደዚያ ሌሊት ወጥቶልኝ አያውቅም። ጠዋት በጆሮ ማዳመጫ ሰማሁት። ሁለተኛው አዝማች ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን ጠብ፣ ጠብ ማድረግ ይጀምራል። ቀጥሎ የጎረቤት የብረት በር ሲጥ ይላል። ከዚያ እናቴ ጎን ካለው ክፍል ተነስታ የጀሪካን ክዳን ስትከፍት ይሰማል፤ ክዳኑ ከጊታሩ ቀጭን ክር ይበልጥ ጥርት ብሎ። ያንን ቀረጻ ምንም ላደርገው አልቻልኩም። ኮንደንሰር ማይክ ክፍሉ ውስጥ ያለውን ሁሉ ይሰማል። ጣሪያችሁ ቆርቆሮ ከሆነ፣ ግድግዳችሁ ባዶ ከሆነ፣ ያንን ሁሉ ይቀርጽላችኋል።

ሁለተኛው ጥፋቴ ይበልጥ ያናደደኝ ነው። ከዚያ በኋላ «ዳይናሚክ ግዛ» ተባልኩ፣ ኤሌክትሪክ የማይፈልገውን ዓይነት ማይክ ማለት ነው፤ ትክክለኛ ምክር ነበር። አንድ ሱቅ ገብቼ የሹርን ኤስኤም 58፣ የ57ን ወንድም፣ በ2,500 ብር አገኘሁ። ካርቶኑ፣ ቦርሳው፣ ጽሑፉ፣ ሁሉም ልክ ነው። «ኦርጅናል ነው፣ አትጠራጠር» አለኝ ሻጩ። ድምፁ ግን የታፈነ ነበር፤ በብርድ ልብስ ውስጥ የማወራ ይመስል ነበር። በሰባተኛው ወር ድምፁ ይቆራረጥ ጀመር። ይዤው ወደ ጠጋኝ ሄድኩ። ጠጋኙ ፈታው፤ እጀታው ውስጥ ከሁለት ቀጫጭን ሽቦ በቀር ምንም የለም። አጠገቡ ሌላ ደንበኛ ያስቀመጠው ኦርጅናል ኤስኤም 58 ነበርና አንስቶ ሁለቱን በሁለት እጄ አስያዘኝ። የክብደታቸውን ልዩነት ዓይን ጨፍኖም መለየት ይቻላል። የሹሩ እጀታ ውስጥ ትራንስፎርመር አለ። የእኔ ባዶ ቱቦ ነበር።

ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ሁለት ነገር አድርጉ። አንደኛ መዝኑት። ኤስኤም 58 ክብደቱ 298 ግራም ነው፣ ኤስኤም 57 ደግሞ 284 ግራም። የወጥ ቤት ሚዛን ይበቃል። ክብደቱ ከዚህ በጉልህ ካነሰ ፎርጅድ ነው፤ ትታችሁት ውጡ። ክብደቱ ልክ ስለሆነ ብቻ ግን አትመኑት። ሁለተኛ፣ ዋጋውን አስቡ። እነዚህ ማይኮች አሜሪካ ውስጥ አዲሱ 100 ዶላር አካባቢ ነው የሚሸጡት። ባሕር ተሻግሮ፣ ቀረጥ ተከፍሎበት፣ እዚህ ከዚያ በታች የሚሸጥ አዲስ ሹር ከየት ይመጣል? ብሩ ከሐምሌ 2016 ጀምሮ በገበያ ዋጋ መመንዘር ከጀመረ ወዲህ ጓደኛ የነገራችሁ ዋጋ በሁለት ወር ያረጃል። የዕለቱን ምንዛሪ ስልካችሁ ላይ ክፈቱና በዶላር አስሉት።

ኤቲ 2020ን ሳላነሳ ባልፍ ግፍ ይሆንብኛል። የኦዲዮ ቴክኒካ ኮንደንሰር ነው፤ ዋጋው ከኤስኤም 57 ጋር ተቀራራቢ ነው። ለሁለት ሳምንት ተውሼ ሠርቼበታለሁ። ጊታርን በጣት ነካ ነካ አድርጎ ለሚጫወት ሰው በጣም ያምራል። እያንዳንዱ ክር ለብቻው ይሰማል፤ ጣት ክር ላይ ሲንሸራተት እንኳ ይሰማል። ኤስኤም 57 ይህን ያህል ጥራት ከላይኛው ድምፅ ላይ አይሰጥም፤ እውነቱ ይሄ ነው። ቤታችሁ ጸጥ ያለ ከሆነ፣ መጋረጃው ወፍራም፣ ቁም ሣጥኑ በልብስ የተሞላ ከሆነ ኤቲ 2020ን ውሰዱ፤ አልከራከራችሁም። ግን ሁለት ነገር እወቁ። 48 ቮልት የሚሰጥ ሳውንድ ካርድ፣ ማለትም ማይኩን ከኮምፒውተር ጋር የሚያገናኝ ሳጥን፣ ግድ ነው። ደግሞም የሚሰማው በጎኑ ነው እንጂ በአናቱ አይደለም። ቢኤም 800ም እንደዚያው። አንድ ጓደኛዬ ሙሉ ዘፈን አናቱ ላይ ዘፍኖ «ማይኩ ተበላሽቷል» ብሎ ሊመልሰው ነበር።

እኔ ቤት ግን ኤቲ 2020 ያንኑ ዝናብ፣ ያንኑ በር ነው የቀረጸልኝ። በጥራት፣ ግን ያንኑ።

ዳይናሚክ ማይክ የሚሻለው ለዚህ ነው። ኤስኤም 57 ኤሌክትሪክ አይፈልግም። የሚሰማው አጠገቡ ያለውን ነው። ድምፅ ሲሆን ከአፋችሁ አራት ጣት ርቆ ይቁም፤ ትንሽ ወደ ጎን ይዙር። እንደ 58 ክብ መረብ ስለሌለው «ጰ» እና «ፐ» ላይ ይነፋል፤ ስፖንጅ አልብሱት፣ ወይም ሽቦ በክብ አጥፋችሁ ናይለን ካልሲ ወጥሩበት። ጊታር ሲሆን ከ12ኛው ፍሬት አንድ ስንዝር ርቆ ይቁም። የጊታሩ ቀዳዳ ላይ አትደግኑት፣ ድምፁ ያጓራል። ጀርባው ብዙም አይሰማም፤ ስለዚህ ጀርባውን ወደ መስኮቱ፣ ወደ መንገዱ አዙሩት። ጊታሩን መጀመሪያ ቅረጹ፣ ድምፁን በኋላ። በአንድ ማይክ ሁለቱን በአንዴ ለማንሳት አትሞክሩ።

አንድ እንከን አለው፦ ድምፁ ዝቅተኛ ነው። የሳውንድ ካርዱን ጌይን፣ የማይኩን ድምፅ የሚያጎላውን ቁልፍ፣ ብዙ መክፈት ያስፈልጋል። ርካሽ ሳውንድ ካርድ ላይ ደግሞ ጌይኑ ዳር ሲደርስ ሽሽታው ይመጣል። መፍትሔው መቅረብ ነው። በጣም በቀስታ ለሚዘፍን፣ በጣም በቀስታ ለሚጫወት ሰው ይህ ይከብደዋል።

57 ወይስ 58? ወንድማማቾች ናቸው። አንዱ በ1965፣ ሌላው በ1966 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ወጡ፤ የውስጣቸው መሠረት አንድ ነው። መድረክ ላይም የምትዘፍኑ ከሆነ 58። ቤት ለድምፅና ለጊታር ከሆነ 57፣ ጊታሩ ጋ መጠጋት ስለሚችል። የአሜሪካ ፕሬዚዳንቶች ቆመው የሚናገሩበት አትሮኖስ ላይ የምታዩዋቸው ሁለት ቀጫጭን ማይኮችም 57 ናቸው።

በቀጥታ ኮምፒውተር ላይ የሚሰካ የዩኤስቢ ማይክ የሚጠይቁኝም አሉ። ለጀማሪ ምቹ ነው። ግን ዩኤስቢ ቀዳዳዋ ሰርኪዩቱ ላይ ነው የተበየደችው። ስትላላ ማይኩ በሙሉ ያበቃለታል፤ ጥገናውም አስቸጋሪ ነው። 57 ላይ የሚሰካው ኤክስኤልአር የሚባለው ገመድ ሲበጠስ ግን ሦስት ሽቦ ነው፣ አንድ ሶልደር ያለው ሰው በአሥር ደቂቃ ይመልሰዋል። የ57 የውስጥ ካርትሪጅ፣ ድምፅ የሚቀበለው ክፍሉ፣ እንኳ ለብቻው ይሸጣል።

መቶ ዶላር ከሌላችሁ ደግሞ ቢኤም 800 ጋ አትመለሱ። የቤሪንገር ኤክስኤም 8500 አለ፤ ዳይናሚክ ነው፣ ዋጋው ሃያ ምናምን ዶላር ነው። ለድምፅ ደህና ይሠራል፤ ለጊታር ከ57 ያንሳል። የቀረውን ብር ለጥሩ ገመድና ከላፕቶፕ በዩኤስቢ ኃይል ለሚያገኝ ሳውንድ ካርድ አውጡት። መብራት ሲጠፋ የላፕቶፑ ባትሪ እስኪያልቅ ትቀርጻላችሁ።

የእኔን 57 ያመጣችልኝ ከዋሽንግተን የመጣች የአክስቴ ልጅ ናት። ሰው ሻንጣው ሞልቶ «ኪሎ የለኝም» ሲል ታውቃላችሁ። ማይኩ ብቻውን 300 ግራም አይሞላም፤ ካልሲ ውስጥ ጠቅልላ አመጣችው። ሰው ከሌላችሁ እዚሁ ያገለገለ ፈልጉ። ከመክፈላችሁ በፊት ጫፉ ላይ ያለችውን የፕላስቲክ ራስ በጣት ነካ ነካ አድርጉ፤ የ57 ደካማ ቦታ እሷ ናት፣ ሲወድቅ ከአንገቷ ትሰበራለች። ቀስ ብላችሁ ነቅንቁት፣ ውስጡ የሚንኳኳ ነገር መኖር የለበትም። ከዚያ ሰክታችሁ ዘፍኑበት። እየዘፈናችሁ ገመዱን ማይኩ ሥር ያዙና ወዲያ ወዲህ አድርጉት። ድምፁ ካልተቆራረጠ ግዙት።