ጅማ የገዛሁት የማልቫ አበባ ዘር፦ ዘሩ ጥሩ፣ እሽጉ ከንቱ

ሄርማታ ገበያ አካባቢ ካለ አንድ ሱቅ ነው የገዛሁት። ማልቫ ሞስካታ ይባላል፣ ልት የምንለው የኛ አገር ተክል ዘመድ ነው፤ ባሚያና ጥጥም ከዚሁ ቤተሰብ ናቸው። ዘሩ አሪፍ ነው። እሽጉ ላይ ግን የአበባ ፎቶ እንጂ ስለ አዘራሩ አንዲት መስመር የለም፤ ሻጩን ስትጠይቁት "ዝም ብሎ ይበቅላል" ይላችኋል። ኧረ አይበቅልም! ቅርፊቱ ድርቅ ያለ ስለሆነ ውሃ ቶሎ አያስገባም፤ በብርጭቆ ወረቀት ፈተግ ፈተግ አድርጋችሁ ለብ ባለ ውሃ አሳድሩት፣ ከዚያ 2 ወይም 3 ሳምንት መታገስ ነው። ሥሩን ወደ ታች ስለሚሰድ ከቦታ ቦታ መዛወር አይወድም፣ ስለዚህ እዚያው የሚያድግበት ቦታ ዝሩት። የታችኛው ቅጠሉ ክብ ነው፣ የላይኛው ግን እንደ ድንብላል የተበጣጠሰ፤ አረም መስሏችሁ እንዳትነቅሉት።

የጅማ ዝናብ ለዋግ (ቅጠል ላይ ለሚወጣ የፈንገስ በሽታ) ይመቻል። ከቅጠሉ ሥር ብርቱካንማ ነጠብጣብ ካያችሁ ቅጠሉን ቆርጣችሁ ጣሉ፣ ውሃም ከላይ አታርከፍክፉበት። ቁመቱ ከ60 እስከ 90 ሳንቲሜትር ይደርሳል፣ አበባው ፈዘዝ ያለ ሮዝ ነው፣ በጣም ያምራል።

ለዘሩ 4 ኮከብ፣ ለሱቁ 2። የታሸገበት ቀን ያልተጻፈበትን እሽግ ግን አትውሰዱ።