ባለ በተኗን ስልክ ለወራት ከያዝኩ በኋላ

ስማርት ስልኬን አልጣልኩትም። አሁን የሚኖረው ሳሎን ነው፣ ቻርጀሩ ላይ። ኪሴ ውስጥ የምትዞረው ባለ በተኗ ናት። ከመስከረም ወዲህ እንዲህ ነው የምኖረው። 1.8 ኢንች ስክሪን፣ ሁለት ሲም፣ ሬዲዮ፣ የእጅ ባትሪ። ኢንተርኔት የሚባል ነገር አታውቅም።

የገዛኋት ለእንቅልፍ ብዬ ነበር። አልጋ ላይ ሆኜ ቲክቶክ ሳይ ሌሊቱ ስድስት ሰዓት ይሞላ ነበር። እሱ ቀርቷል። አንዴ ቻርጅ ካደረግኳት ደግሞ ቀናት ትቆያለች። መብራት ሲጠፋ ሰፈሩ ፓወር ባንክ ፍለጋ ሲራወጥ እኔን አይመለከተኝም።

ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «ብር እንዴት ትልካለህ?» ብሎ ነው። ቴሌብር በ*127# ይሠራል፣ ኢንተርኔት አይፈልግም። ንግድ ባንክም *889# አለው። ራይድ ለመጥራት 8294 መደወል ነው። ጣጣው ስክሪንሾት ነው። ባለሱቁ የከፈልክበትን ስክሪንሾት ማየት ለምዷል። እኔ የማሳየው ያቺን ደቃቃ ቴክስት ነው። መነጽሩን አድርጎ፣ አጥብቦ አይቶ፣ ለማንኛውም ብሎ የራሱን ስልክ ያጣራል።

ትልቁ ድክመቷ አማርኛ ነው። የእኔዋ ፊደላችንን አታነብም። በአማርኛ የተላከ ቴክስት ባዶ ሳጥን ተደርድሮ ይመጣል። ብታነብ ኖሮም አንድ ቴክስት በላቲን 160 ፊደል ሲይዝ በእኛ ፊደል የሚይዘው 70 ብቻ ነው፤ ረዘም ያለ መልእክት ሁለትና ሦስት ሆኖ ይቆጠራል። አማርኛን በላቲን መጻፍ ደግሞ፣ ያውም በተን እየነካኩ፣ ያንገሸግሻል።

ስለዚህ እደውላለሁ። ያልጠበቅኩት ጥቅም የመጣው ከዚህ ነው። ቴሌግራም ላይ «እንዴት ነሽ?»፣ «ደህና»፣ አንድ ልብ፣ አለቀ። ስልክ ላይ ግን ሰላምታው ራሱ ጊዜ ይፈልጋል። ቤተሰብ፣ ልጆች፣ ሥራ፣ ዝናቡ፣ የጤፍ ዋጋ። እውነተኛው ወሬ የሚወጣው ከዚያ ወዲያ ነው። አክስቴ ጉልበቷን እያመማት ደረጃ መውጣት እንዳቃታት የሰማሁት እንዲህ ነው፣ ስልኩ ሊዘጋ ሲል። ቴሌግራም ላይ ስንት ጊዜ «ደህና ነኝ» ብላኛለች።

ሰፈር ውስጥ ግን ዋጋ አስከፍላኛለች። የእድራችን ማስታወቂያ የሚለቀቀው ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ነው። አሁን ለቅሶ ሲኖር ጎረቤቴ «እሱ ኋላ ቀር ነው፣ ደውሉለት» እያለች ታስደውልልኛለች። ለእኔ ምቾት ሌላ ሰው ሥራ በዝቶበታል ማለት ነው። እንዲህ ዓይነት ስልክ የያዙ ሰዎች ስለዚህ ሲያወሩ ሰምቼ አላውቅም።

የባሰው ደግሞ እህቴ ናት። ያለችው ቤሩት ነው። የምትደውለው በኢሞ ነው፣ ያውም ሥራዋን ስትጨርስ፣ ሰዓቷ አይታወቅም። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ላይ ደውላ ደውላ ስታጣኝ ኩርፊያ መጣ። እውነቷን ነው። ለእሷ የእኛ ቤት ማለት ያ ስክሪን ነው። ስማርት ስልኩ ሳሎን የተቀመጠው በእሷ ምክንያት ነው፤ ድምፁ ከፍ ብሎ፣ ድሮ የቤት ስልክ እንደሚቀመጠው ዳንቴል ላይ። አሁን የሚያነሳው ቤት ያለ ሰው ነው። አብዛኛውን ጊዜ እማዬ ናት። እኔ ሥራ ውዬ ስመጣ ሁለቱ ግማሹን ወሬ ጨርሰው ይጠብቁኛል፤ እኔ የምገባው ለሐሜቱ ነው።

«ስልክህን ስትተው ከሰው ጋር ትጫወታለህ» የሚሉት ግን የተጋነነ ነው። ታክሲ ሰልፍ ላይ ቀና ብል፣ ፊት ለፊቴ ያለው ሁሉ ኤርፎን ሰክቷል። ሸገር 102.1ን እሰማለሁ፣ እሱም ጆሮ ማዳመጫው ከተሰካ ብቻ፤ አንቴናው እሱ ነው።

ሌላው ጥቃቅን ነው። የ5 ቁጥር በተን ላልታለች። የእኛ ዘመን አቆጣጠር የላትም። ካሜራዋን ባታስቡት ይሻላል።

የራይድ ሹፌር ከሆናችሁ፣ ወይም የክፍላችሁ ኖት በቴሌግራም የሚለቀቅላችሁ ተማሪዎች ከሆናችሁ አትግዟት። ውጭ አገር ቤተሰብ ያለው ሰውም ብቻዋን አይያዛት። ልግዛ ያለ ሰው ግን ሒሳብ ሳይከፍል ሲሙን አስገብቶ አንድ የአማርኛ ቴክስት ያስልክ። ሳጥን ካሳየችው ለሻጩ መልሶ ሌላ ይጠይቅ።